ልጄን የት ላስመዝግብ? ለአቃቂ ቃሊቲ ወላጆች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ክረምቱ ገባ፤ የምዝገባው ወሬም አብሮት ገባ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነስታችሁ ወደ ቱሉ ዲምቱ ብትወርዱ በየአጥሩ ላይ «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ባነር ተሰቅሎ ታያላችሁ። ቤት ውስጥ ደግሞ እራት ቀርቦ ሁሉም ሲሰበሰብ የሚነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። አባት «የቤተ ክርስቲያኑ ይሻላል፤ ቢያንስ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ልጅ ያወጣል» ይላል። እናት «ኮንዶሚኒየሙ ጋ ያለው የግሉ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው» ትላለች። አያት በበኩላቸው «እናንተስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተምራችሁ አይደል እንዴ ሰው የሆናችሁት?» ብለው ሁለቱንም ዝም ያሰኟቸዋል።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚሁ ላይ ነው። እኔ የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፤ የማይስማማ አድማጭ ካለ እየሰማ ይሞግተኝ። አብዛኞቻችን እንደ አንድ ጥያቄ የምናየው ነገር ውስጡ ሁለት ጥያቄ አለው። ልጄን ማንበብና ማስላት ማን ያስተምረው የሚለው አንዱ ነው። ሃይማኖቱን ማን ያስተምረው የሚለው ደግሞ ሌላው። ሁለቱንም በአንድ ክፍያ፣ በአንድ በር አስገብተን እንገላገላለን ስንል ነው ገንዘባችንም የልጃችን ዕድሜም የሚባክነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በስማቸው ሲከፍቱ ትልቁ ክርክር በሕንፃው ወይም በወጪው ላይ አልነበረም። ካህናቱ «ልጆቻችን ከውጭ በመጣ መምህር እጅ ሃይማኖታቸውን ያጣሉ» ብለው ሰጉ። ንጉሠ ነገሥቱም መምህራኑን ከግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መካከል አስመጡ። እምነቱ ከእኛ ጋር ይቀራረባል፤ ትምህርቱ ደግሞ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛን የመሰለ ዘመናዊ ትምህርት ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለው አባትና ያቺ እናት ዛሬ የሚከራከሩበት ጉዳይ የዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተነስቷል ማለት ነው።

እስቲ መጀመሪያ የሃይማኖቱን ነገር እንየው፤ ብዙ መደናገር ያለው እዚያ ነው።

በአገራችን የሃይማኖት ትምህርት ቤት ስንል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው የቄስ ትምህርት ቤት ወይም የቁርዓን ቤት ነው። እዚያ የሚማረው ልጅ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይደግማል፣ ዳዊት ይዘልቃል፤ ወይም ደግሞ በሎህ (በእንጨት ሰሌዳ) ላይ የዓረብኛ ፊደል ጽፎ ቁርዓን ይቀራል። ፈተናው መምህሩ ፊት ቀርቦ ማንበብ ነው፤ ሰርተፊኬት የለውም፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል ማለፍ የሚባል ነገርም የለውም። ሁለተኛው በቤተ እምነት ባለቤትነት የሚተዳደር መደበኛ ትምህርት ቤት ነው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሏት። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም አላት። በኮልፌ በኩል የሙስሊሙ ማኅበረሰብ አወሊያ ትምህርት ቤት አለ። እዚሁ እኛ ሰፈር አቃቂ ውስጥ የአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤት ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የድሮ አቃቂዎች «ሚሽን» ይሉታል።

እንግዲህ ይህ ሁለተኛው ዓይነት የሚያስተምረው ምንድን ነው? የሚያስተምረው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ሒሳቡ ያው ሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንሱም ያው ነው፤ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተናውም ከሌላው የከተማው ልጅ ጋር አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል። አንቀጽ 27 ደግሞ ለወላጅ ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት ይሰጣል፤ ለአማኞችም የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት ይፈቅዳል። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ስታነቡ የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ይሆናል፤ ቀለሙን ከመደበኛው ክፍል፣ እምነቱን ከቤትና ከቤተ እምነቱ።

ስለዚህ አንድ አባት «ልጄ ሃይማኖቱን ይማርልኛል» ብሎ የቤተ ክርስቲያን ስም ያለበት መደበኛ ትምህርት ቤት ሲያስገባው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ሥነ ሥርዓት ያገኛል፣ ቁጥጥር ያገኛል፣ ረጅም ዓመት በአንድ ቦታ የቆየ አስተዳደር ያገኛል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እኔ በበኩሌ ትልቅ ዋጋ እሰጠዋለሁ። ግን ዳዊት መድገም አይደለም፤ ቁርዓን መቅራትም አይደለም። ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች ከካቶሊኮቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው መማራቸውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ልጃችሁ ሃይማኖቱን እንዲማር ከፈለጋችሁ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው፤ አብዛኛውንም ጊዜ ርካሽ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት አለ። በክረምት አብነት ትምህርት የሚሰጡ አድባራት አሉ። መስጊዶቻችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሕፃናትን ቁርዓን ያስቀራሉ። ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም የልጆች አገልግሎት አላቸው። ከመደበኛው ትምህርት ቤት ጋር አይጋጭም፤ ሁለቱንም የሚከታተል ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ግል ትምህርት ቤቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ቤት ገብቼ ነበር። ልጃቸው ሁለተኛ ክፍልን ጨርሷል። ሲያወሩኝ በደስታ ነው፤ «እህቴ፣ እንግሊዝኛውን ብትሰሚው!» አሉኝ። ልጁም የሳምንቱን ቀናት በእንግሊዝኛ ደረደረልኝ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ቦርሳውን ከፈትነው። ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አራት አለው፤ የመንግሥቱ የአማርኛ መጽሐፍ ከሥር ተጋድሞ ሽፋኑ እንኳ አልታጠፈም።

አማርኛውን አወጣሁና የመጀመሪያውን ምንባብ አነበበልኝ፤ አንድም ቦታ አልተደነቃቀፈም። ከዚያ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ መሀል ላይ ያልደረሱበትን ምንባብ ሰጠሁት። ልጁ ሥዕሉን አየ። ሥዕሉ ላይ አንዲት ልጅ ውኃ ስትቀዳ ትታያለች። «ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ሄደች» ብሎ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ተረከልኝ። ጽሑፉ ግን ስለ ጉድጓድ ውኃ ንጽሕና ነው፤ ልጅቷ በጽሑፉ ውስጥ የለችም።

እናትዬዋ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላሉም። ቆይተው «ሪፖርት ካርዱ ላይ እኮ አማርኛ ዘጠና ሁለት ነው» አሉኝ።

ይህ የአንድ ልጅ ወሬ ነው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ጥፋት አድርጌ አላወራውም። ግን በአገር ደረጃም ታይቷል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስምንት ክልሎችና ከተሞች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አዲስ አበባ ከሌሎቹ በጣም ትሻል ነበር፤ ቢሆንም ችግሩ እኛም ጋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአዲስ መልክ ሲሰጥ ግማሹን ነጥብ ያገኘው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ ፈተናውና ስለ ኩረጃው አወራ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሥዕል እያየ ሲያነብ ግን ማንም አይደነግጥም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የሚፈርሰው ነገር መሠረቱ ያልተጣለው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ የቄስ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረን ነገር አለ። የኔታ ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ሲለው ወዲያው አያምኑትም። ከፊደል ቆጠራው በኋላ ወደ አቡጊዳ ያሸጋግሩታል፤ እዚያ የፊደላቱ ተራ ተቀይሯል። ዜማውን በቃሉ የያዘ ልጅ እዚህ ሲደርስ ይያዛል፤ ፊደሉን በዓይኑ የለየ ልጅ ግን ያልፋል። ሊቃውንቱ ከዘመናት በፊት የሠሩት ምዘና ነው፤ ዛሬም ማንኛውም ወላጅ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ሊሠራበት ይችላል።

እንዲህ አድርጉ። ልጃችሁን ልታስገቡበት ባሰባችሁት ትምህርት ቤት አንድ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ የጎረቤት ልጅ ፈልጉ፤ ትምህርት ቤቱ የሚያቀርብላችሁን ልጅ አትቀበሉ። የመንግሥቱን የአማርኛ መጽሐፍ ስጡት። ያልተማረውን ገጽ ክፈቱ። ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑት። ሦስት መስመር ያንብብ። ከዚያ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስት ልጆች ከተገኙ ሦስቱንም። ከባነሩም፣ ከሕንፃውም፣ ከዩኒፎርሙ ቀለምም የበለጠ ይህ ይነግራችኋል። ቤታችሁ የምትነጋገሩት በአፋን ኦሮሞ ከሆነና ልጁን በዚያ ቋንቋ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት በአቅራቢያችሁ ካለ፣ በዚያው ቋንቋ መጽሐፍ ያንኑ አድርጉ።

«እንግሊዝኛውስ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ልጆች እስከ ስድስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራሉ፤ ከሰባተኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሰባተኛ ክፍል ሲገባ እንዳይደናገጥ መፍራታችሁ ትክክል ነው። ነገር ግን በሚናገረው ቋንቋ አንብቦ መረዳት የለመደ ልጅ ያንን ችሎታ ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። በአማርኛ ሥዕል እያየ የሚተርክ ልጅ በእንግሊዝኛም ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ ልዩነቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን እናትና አባት ቶሎ አይነቁበትም። ጥሩ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። አማርኛውን ጥሎ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ ገንዘብ እናውራ። ብዙ ቤት ትልቁ ጠብ እዚህ ነውና ረጋ ብለን እንቁጠር።

ለምሳሌ ያህል በወር 2,500 ብር የሚያስከፍል ትምህርት ቤት እንውሰድ። በአሥር ወር 25,000 ብር ነው። ሰርቪስ በወር 1,500 ብር ቢሆን 15,000 ይጨመራል። ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና መጽሐፍ 7,000 ብር ይሁን። በዓመት 47,000 ብር ማለት ነው፤ ሁለት ልጅ ካላችሁ 94,000። እዚህ ድረስ አብዛኛው ወላጅ ይቆጥራል። የማይቆጠረው ጭማሪው ነው። የወር ክፍያው በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢጨምር በአንደኛ ክፍል 2,500 የነበረው ብር ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ከ6,200 ብር ያልፋል። የአቃቂ ፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አይጨምርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ክፍያው መብዛቱ ብቻ አይደለም። አራተኛ ክፍል ላይ አቅም ሲያልቅ ልጁ በዓመቱ መሀል ይነቀላል። ጓደኞቹን ያጣል፣ መምህሩን ያጣል፣ ክፍያ አልተከፈለም ተብሎ ከሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ የሰማውን አይረሳም። እስከ ስድስተኛ ክፍል በማይናጋ አቅም የምትችሉትን ትምህርት ቤት ምረጡ። ሁለት ዓመት በውድ ተምሮ በሦስተኛው ከሚፈናቀል፣ ስድስቱንም ዓመት በአንድ ቦታ ቢማር ይሻለዋል። ጭማሪ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር መነጋገር እንዳለበት አትርሱ፤ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ «የተወሰነው ተወስኗል» ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ቅሬታ ካለ የከተማዋ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን አለ። ይኸው መሥሪያ ቤት ትምህርት ቤቶችን እየመረመረ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ደረጃ ሦስት ማለት መስፈርቱን ያሟላ ማለት ነው። የግልም ይሁን የመንግሥት፣ የቤተ እምነትም ይሁን፣ «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ርቀትም ዋጋ አለው፤ በብር ስለማይጻፍ ግን አይታየንም። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ድረስ የሚሄድ ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። የደብረ ዘይት መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ተሰልፎ ሲቆም ሰርቪሱም አብሮ ይቆማል። ልጁ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የስድስት ዓመት ሕፃን በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ማሳለፉን ማንኛውም የትምህርት ቤት ስም የሚክሰው አይመስለኝም።

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በእውነት መናገር አለብኝ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ሳይታይ የሚወጣው እሱ ነውና። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ይመግባል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ለብዙ የአቃቂ ቤተሰብ ይህ ልጁ ጠግቦ ይማር ወይስ ተርቦ የሚለውን የሚወስን ነገር ነው። የክፍሉ ተማሪ ብዛት ግን ሊያሳስባችሁ ይገባል፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ሰፊ ግቢ፣ ለረጅም ዓመት የቆዩ መምህራን፣ ጠንካራ ርእሰ መምህር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በአቅራቢያችሁ ካለ፣ «የድሃ ልጅ ነው የሚማርበት» የሚለውን ወሬ ተዉትና ገብታችሁ እዩ።

ስትገቡ ምን ትጠይቁ? እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ስለ መምህራኑ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህርት እዚህ ስንት ዓመት ሠራች? አምና ስንት መምህር ለቀቀ? ብዙ የግል ትምህርት ቤት ደመወዙ ዝቅተኛ ስለሆነ መምህሩ የተሻለ ሲያገኝ በዓመቱ መሀል ጥሎ ይሄዳል፤ ልጃችሁ በአንድ ዓመት ሦስት መምህር ያይና ማንም ሳያውቀው ያልፋል። ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥም ብዙ ጊዜ ጥሩ መምህር አንደኛ ክፍል ላይ አይመደብም፤ ወደ ላይኛው ክፍል ይወሰዳል። ይህን ርእሰ መምህሩን ፊት ለፊት ጠይቁት። መልሱ ቢያጥረው ራሱ መልስ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲያሳዩአችሁ ደግሞ ቆም በሉ። በፈተና ለይቶ ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ውጤቱ ማማሩ አይገርምም፤ ጎበዝ ልጆችን ነውና የተቀበለው። ደካማ ሆኖ የገባውን ልጅ የት አደረሰው ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰናል፤ ባልና ሚስት በእምነት ወይም በሐሳብ ሲለያዩ ምን ይደረግ የሚል። እኔ የምለው፣ ልጁ የሚማርበትን መደበኛ ትምህርት ቤት የእምነት ክርክር ሜዳ አታድርጉት። እምነቱን የት እንደሚማር ለብቻው ተነጋገሩበት፤ ልጁም ከፍ ሲል ሐሳቡን ስሙት። ሁለቱን ጉዳይ ለያይተው የተነጋገሩ ቤተሰቦች በትምህርት ቤቱ ምርጫ ላይ ቶሎ ሲስማሙ አይቻለሁ። ምክንያቱም የንባብ ምዘናው ክርስቲያን ሙስሊም አይልም፤ በሁለቱም ፊት ልጁ ወይ ያነባል ወይ አያነብም።

«እኛማ ምዝገባ ከፍለናል፤ አይመለስም ተብለናል» የምትሉ ወላጆች ደግሞ ትኖራላችሁ። የምዝገባውን ብር ማጣት ያማል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ምዘናውን አሁንም አድርጉት። ከሦስት ልጆች ሦስቱም ሥዕል እያዩ የሚተርኩ ከሆነ፣ የምዝገባውን ብር ትታችሁ መስከረም ሳይጠባ ሌላ በር አንኳኩ። ልጁ ገብቶ መማር ከጀመረ ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ታገሱና ራሱን ልጃችሁን አስነብቡት፤ ካልሆነለት መምህርቱን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩ፣ በየምሽቱም አሥራ አምስት ደቂቃ ከጎኑ ተቀምጣችሁ አስነብቡት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን ስቱዲዮ ጋብዘን ስለ አንደኛ ክፍል የንባብ ትምህርት እንነጋገራለን። ጥያቄ ያላችሁ በተለመደው አድራሻችን ላኩልን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)